የኬክ ቤቱ ቃር

እትዬ የሰው ሠርግ ኬክ በአንድ እይታ ትወስናለች። ሙሽሪትን ከራስ እስከ እግሯ ታያትና «አንቺ ቸኮሌት አይሆንሽም፣ ሎሚ ነሽ» ትላታለች፣ አለቀ። ስለ ራሷ ጨጓራ ለመወሰን ግን ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እትዬ ስላት የሰማው የኬክ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ እትዬ ይላታል፤ አባቷ ለመሆን ጥቂት የቀረው ጋጋሪያችን ሳይቀር።

እትዬ ድሮም ደልደል ያለች ናት። ልጇን ከወለደች በኋላ ጨመረች፣ ኬክ ቤቱን ከከፈትን በኋላ ደግሞ ጨመረች፣ እኛም እንደ ቁም ነገር አልቆጠርነውም። «ቀጭን ኬክ ሠሪ ማን ያምናል?» ትላለች፣ እንስቃለን። ከዚያ ስኳር ያዛት። ከዚያ ጉልበቷ እምቢ አለ። ኬክ የምታስጌጥበት ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ አስገባንላት፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ አረፍ ትልበት ነበር፣ በኋላ ጠዋት ከተቀመጠች እስክንዘጋ አትነሳም። በመጨረሻ እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ከረመች። የስኳር ሐኪሟ ቁርጡን ነገራት፤ ክብደቱ ካልቀነሰ እግሩን ላናተርፈው እንችላለን አላት። ምግብ በመቀነስ ስንት ጊዜ ሞክራለች፤ ትቀንሳለች፣ ከነወለዱ ይመለሳል። የቀረው ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና ነበር።

ወሬው ከሊጥ ክፍል ወጥቶ ካሸሯ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጋጋሪው ፊኛ ይሻላል ባይ ሆነ። ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚነፋ ፊኛ አለ አሉ፤ ቢላ የለው፣ ስፌት የለው፣ አንድ ዘመዱ አስገብቶ እንደ ክር ቀጥኗል።

«ሲወጣስ?» አልኩት።

«ሲወጣማ ያው መልሶ ወፈረ» አለና ሊጡን መዳመጥ ቀጠለ።

ካሸሯ ደግሞ ጨጓራ ላይ ስለሚታሰር ቀለበት ሰምታለች። እትዬ ከባሏ ከተፋታች ቆይታለች። «ቀለበት አንዴ አስሬ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል» አለች፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቄ ከጥርሴ አላለፈም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።

በእኛ ቤት እትዬ ያልቀመሰችው ነገር ከበር አይወጣም። ዱቄትና ቅቤ በሚዛን እንመዝናለን፤ ክሬም ግን በሚዛን አይሠራም ትላለች፣ የዛሬ ወተት የትናንቱን አይደለማ። ክሬም በተመታ ቁጥር በማንኪያ ጫፍ ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትውጥና ትንሽ ትቆያለች። ማሽኑም ሰውም ዝም ይላል። ከዚያ «ጨው» ትላለች፣ ወይም «ቫኒላው በዝቷል» ትላለች። እኔ ካርቶን አጥፋለሁ፣ ሪባን አስራለሁ፣ ኬክ ላይ ስም እጽፋለሁ። አንድ ቀን ማንኪያ ባነሳ «ያንቺ ምላስ ለነገር ነው የተፈጠረው» አለችኝና ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጋ አብሬያት ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ወረቀት ላይ ይስላል። ፊኛውንና ቀለበቱን ቶሎ አለፋቸው፤ ለእሷ የሚሆኑት ሁለት ናቸው አለ። የመጀመሪያው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው አብዛኛው ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው ቀጭንና ረዥም ነው። እትዬ ሥዕሉን አዙራ አየችውና «የክሬም መጭመቂያ ከረጢት ነው እኮ» አለች። ሐኪሙ ሳቀ።

«የተቆረጠውስ?»

«ይጣላል። ተመልሶ አይቀጠልም።»

ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው ጫፍ እንቁላል የምታክል ኪስ ትሠራና በቀጥታ ከአንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግቡ ትልቁን ጨጓራ ሳያየው በአቋራጭ ያልፋል። ለስኳር በሽታ ይኼኛው የበለጠ ይረዳል አለ። ቫይታሚን ግን ዕድሜ ልክ መዋጥ አለ። እትዬ ራሷን እየነቀነቀች ስትሰማ ቆየች፣ እስከሚቀጥለው ቃሉ ድረስ።

«ከባይፓስ በኋላ ጣፋጭ ነገር ብዙ ሰው ላይ ይከብዳል። ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ያዞራል፣ ሆድ ይቆርጣል።»

«ብዙ ከበላሁ ነው አይደል?»

«አንዳንዱን በትንሹም ይነካዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሆንም። አንቺ የትኛዋ እንደምትሆኚ አስቀድሜ ልነግርሽ አልችልም።»

«የማንኪያ ጫፍ ብቀምስስ?»

«ቅመሺና ትፊው።»

እትዬ ልጇን የሰደበባት ይመስል አየችው። «ዶክተር፣ ክሬም ጉሮሮ ላይ ነው የሚታወቀው» አለችው።

ከዚያ ጥያቄ ተከተለ። አለርጂ አለብሽ? የለብኝም። ሲጋራ? ኧረ በሕግ አምላክ። ቃርስ፣ ደረትሽን ያቃጥልሻል? ስሊቭ ቃር ላለበት ሰው አይመከርም፣ ያባብሰዋል፣ ለዛ ነው የምጠይቅሽ አለ። «የለብኝም» አለች፣ ዓይኗን እንኳን አላርገበገበችም። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም ስንዋሽ አልነበረም፤ የምር ትዝ አላለንም። እትዬ ስሊቭን መረጠች፣ ቀጠሮ ተያዘ። ስንወጣ ቀለል ብሏት ነበር። ሐኪሙን ወደደችው መሰለኝ፣ «ልጅ ካለህ ለልደቱ እኔ ጋ ና፣ ኬኩ በእኔ ነው» ብላው ወጣች።

እሱም መጣ። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትንሽዬ ሴት ልጁን ይዞ ከች አለ። እትዬ ደስ ብሏት ልጅቷ ክሬም ሲመታ እንድታይ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ዕቃውን ሁሉ በጉጉት ይቃኛል። ከመደርደሪያው ላይ በቫኒላውና በቤኪንግ ፓውደሩ መካከል ትልቅ ብልቃጥ አለች፣ ነጭ ክኒን የሞላባት። ጋጋሪው ምድጃውን ዘግቶ መጣና አንድ አንስቶ አኘከ። ካሸሯ በበሩ አንገቷን አስግጋ «አቀብሉኝ» አለች፣ አቀበልኳት። እትዬም ክሬሙን ቀምሳ እንደጨረሰች እጇን ሰድዳ ሁለት ወሰደች፣ ከረሜላ እንደሚበላ ሰው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሐኪሙ።

«የቃር ክኒን ነዋ» አለች እትዬ እያኘከች።

«ቃር የለብኝም አላልሽኝም?»

«የለብኝም። ይኼ የቤቱ ቃር ነው። ሁላችንም አለብን» አለችው፣ ክንዷ ላይ ያለውን የምድጃ ጠባሳ እንደምታሳይ ሁሉ ምንም ሳይመስላት። ጋጋሪው ደግሞ ሊያግዛት ብሎ «እርሾና ቅቤ ሲተነፍሱት የሚውል ሰው እንዴት አያቃጥለው ዶክተር? ያላቃጠለው ሠራተኛ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው» አለ።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ሌሊት እንዴት ነው የምትተኚው?» ብሎ ጠየቃት።

«ተቀምጬ። ጋደም ስል ወደ ላይ ይመጣብኛል። ለምዶብኛል።»

ስንት ዓመት ሙሉ ከጀርባዋ ትራስ ስደረድርላት የኖርኩት እኔ ነኝ። ቃር ለካ በሽታ ነው፤ ለእኛ የሥራ ልብስ ነበር። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ቀጠሮውን ሰረዝኩት አላት። ሰኞ ጨጓራዋን በካሜራ ሊያይ ቀጠራት። ኬኩን ይዞ ሲወጣ ልጅቷ በደስታ ትዘላለች፣ እሱ ግን ፊቱ እንደጨፈገገ ነበር።

በካሜራ ታየ። የጉሮሮዋ ታችኛው ክፍል በአሲድ ተልጧል። «ስሊቭ ብሠራልሽ እሳት ላይ ነዳጅ መጨመር ነው፣ ነገ አማርረሽ ትመጫለሽ። ላንቺ የሚሆነው ባይፓስ ነው። ቃሩንም ያቆመዋል፣ ስኳርሽንም፣ እግርሽንም ይረዳል። ውሳኔው ግን ያንቺ ነው» አላት። በታክሲ ተመለስን።

ኬክ ቤት ስንደርስ ወደ ዱቄት መጋዘኑ ገባችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ተከትያት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

«ተውኩት» አለች። «ሁለቱም ይቅርብኝ።»

«እግርሽስ?»

«ኬክ በእግሬ ነው እንዴ የምሠራው?»

ደሜ ፈላ። «እግርሽን ቆርጠው ሲጥሉት በምላስሽ ልትሄጂ ነው?» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም። ወጥቶኝ አለቀ፣ መመለሻ አልነበረውም። «አሳድገሽ አሳድገሽ ራስሽን ልታስቀብሪኝ ነው። ለክሬም ብለሽ ልትሞቺ። እኔ ያለ አንቺ ምን ልሁን? ልጅሽስ?»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሳችና አለቀሰች።

«አንቺ አይገባሽም» አለች ከሽርጡ ውስጥ። «ትምህርት አልጨረስኩ፣ ባል አልቀናኝ። ያችን ማንኪያ አንስቼ ዓይኔን ስጨፍን ነው ሰው የምሆነው። ቤቱ ሁሉ እኔን ይጠብቃል። ቀምሼ የምወድቅ ከሆነ እዚያ በርጩማ ላይ ተጎልቼ ምን ልሠራ ነው?»

አንጀቴን በላችው። ለካ ጣፋጩ ሳይሆን ቦታዋ ነበር ያስጨነቃት። አጠገቧ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ዱቄቱ ቀሚሳችንን አነጣው። «አንቺ ክሬሙን ትሠሪያለሽ፣ እኔ እቀምስልሻለሁ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሽርጡን ከፊቷ ላይ አወረደች። «አንቺ?»

«እኔ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ፣ ለመሳቅ ግን አልጨከነችም። አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሳችና ወጣች።

በማግስቱ የሠርግ ኬክ ነበረብን። ክሬሙ ተመታ፣ ማሽኑ ቆመ። እትዬ ማንኪያውን አነሳችና እንደ ወትሮው ወደ አፏ በመውሰድ ፈንታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «ነይ» አለች። ጋጋሪው ሊጡን ትቶ ቆመ። ካሸሯም በሩ ላይ መጣች፣ ደንበኛ ትታ።

ቀመስኩ። «ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው የሚለው ደንበኛ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ምን ጎደለው ነው።»

ሌላ ማንኪያ ሰጠችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቅቤው አለ፣ ቫኒላው አለ፣ ጣፋጩም ልኩን የያዘ መሰለኝ። ጨው ልል ነበር፤ እትዬ ብዙ ጊዜ የምትለው ጨው ነው፣ እሱን ብል የሚስቅብኝ የለም። ዋጥኩትና ትንሽ ቆየሁ። ከዋጥኩት በኋላ ግን ጉሮሮዬ ላይ የቀረ ነገር ነበር፣ ወፍራም፣ አልወርድ ያለ።

«ጨው አይደለም» አልኩ። «ቅባቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሎሚ ነው የጎደለው፣ ጥቂት።»

ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለችኝ። የክሬሙ ሳህን ፊት ለፊቷ ነው፣ ማንኪያው እጇ ላይ ነው፣ ገና ልትቀምስ ትችላለች፤ ከቀመሰች ደግሞ ከእኔ ይልቅ ምላሷን አመነች ማለት ነው። እትዬ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሎሚ አንስታ ለሁለት ከፈለች፣ ጨመቀች፣ አማሰለች። ከዚያ የኬኩን የመጀመሪያ ደርብ ወደ ራሷ ሳበችና ሳትቀምሰው ክሬሙን መቀባት ጀመረች፤ ዙሪያውን አስተካክላ ቀባችው።

ቀና ሳትል «ለዶክተሩ ደውዪለት» አለችኝ። «ሁለተኛውን መርጣለች በዪው።»