ፌሊዝሚና እና ታንኳ ቀዛፊዎቹ

ፌሊዝሚናን እመቤቷ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ከባርነት ነጻ ስታወጣት የፌሊዝሚናን ልጅ ኢናሲያን ግን ረሳቻት። ወይም ሆን ብላ ተወቻት፤ ማን ያውቃል። እናትየዋ በእኛ ባሕር ዳርቻ የካሳቫ ቂጣ እየሸጠች ስትኖር፣ ልጅቷ የሟቿ ወንድም ልጅ ንብረት ሆና ቀረች። ከዚያ ድርቅ መጣ። ከብቱ ያለቀበት ጌታ ሁሉ ባሪያውን ለደቡብ የቡና ባለርስቶች ይሸጥ ጀመር፤ የኢናሲያም ተራ ደረሰ።

ፌሊዝሚና ባርነት ይቅር ወደሚለው ማኅበር ሮጠች። ሊቀ መንበሩ ዶክተር አልሲንዶ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ነጭ ቀሚስ አስለብሰው መድረክ ላይ አስቀመጧት። ግጥም ተነበበ፣ ፒያኖ ተመታ። እሷ መታገሥ አቃታትና ብድግ አለች።

«ጌቶቼ፣ ልጄ ሐሙስ ልትጫን ነው። ወደብ ድረስ አብሮኝ የሚሄድ ማነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሴቶቹ አለቀሱ። አብሯት የሄደ ግን አንድም ሰው የለም።

«ነገሩ የሚያልቀው በሕግ ነው፤ ትንሽ ታገሺ» አሏት ዶክተሩ ሲሸኟት።

«ሕጉ እስኪደርስ መርከቢቱ ትጠብቀኛለች?»

የእኛ ባሕር ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ርቆ ይቆማል፤ ሰውም ዕቃም የሚደርሰው በታንኳ ነው። ስለዚህ ወደ ባሎቻችን መጣች። የእኔ ባል ቤርቶልዶ የቀዛፊዎቹ አለቃ ነበር።

«መጣች ደግሞ ሰባኪዋ!» አለ አንዱ መረቡን እየጠገነ። «ቂጣ ይዘሻል ወይስ ባዶ ምላስሽን ነው?»

«የአንተን ሆድ ቂጣ አይችለውም» አለችውና ወደ ባሌ ዞረች። «ቤርቶልዶ፣ እናንተ እንቢ ካላችሁ ማን ያሻግራቸዋል? ዋኝተው አይሄዱ!»

«እትዬ ፌሊዝሚና፣ እኔ ብተው ሌላው ይጭናል።»

«ሌላውም እንደዚሁ ነው ያለኝ! ይሄ ሌላው የምትሉት ሰውዬ ቤቱ የት ነው? ሄጄ እሱን ልለምነው!»

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሐሙስ ዕለት ኢናሲያን ያሻገራት ቤርቶልዶ ራሱ ነው። ልጅቷ ውሃ ትፈራለች። «ጋሼ ቤርቶልዶ፣ እጄን ያዘኝ» አለችው፤ ያዛት። እናቷ አንገቷ ድረስ ውሃ ገብታ ስትጮህ ወታደሮች ጎትተው አወጧት። ባሌ ማታ ያቀረብኩለትን ዓሣ ገፋው።

ሌላ ሴት ብትሆን ዓይናችንን ማየት ትጠላ ነበር። ፌሊዝሚና ግን በማግስቱ መጣች። በየቤታችን እየገባች «ባልሽ ዛሬ ምን ሲጭን ዋለ?» ትለናለች። ተሰደበች፤ አንዷ እጣቢ ደፋችባት። እሷ ድምጿ እስኪዘጋ መከራከሯን አልተወችም።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ መርከብ መጣ። የሚጫኑት ሰዎች አሸዋው ላይ ተኮልኩለው ሳለ ቤርቶልዶ ተነስቶ የታንኳውን ሸራ አወረደ።

«ከዚህ ወደብ ሰው አይጫንም» አለ።

ባሪያ ነጋዴው ለመነ፣ ዛተ። ሌሎቹም ተራ በተራ ሸራቸውን አወረዱ። መርከቢቱ ባዶዋን ሄደች።

ማኅበሩ ትልቅ ግብዣ ደገሰ። ዶክተር አልሲንዶ ብርጭቆ አንስተው «ይህ የሥልጣኔ ድል ነው» አሉ። ፌሊዝሚናን ጠርተዋት ነበር፤ በሥራ ልብሷ ገባች።

«ዶክተር፣ ድሉን ይተዉት። ልጄን ፍለጋ ደቡብ የሚሄደው ማነው?»

«ኧረ ዛሬ እንኳ ደስ ይበልሽ!»

«ደስታ መች አነሰኝ፤ ያነሰኝ ሰው ነው» ብላ ጥላቸው ወጣች።

ነጋዴዎቹ ወደ ቀጣዩ ወደብ ዞረው ስለነበር፣ እሷም በእግሯ ተከተለቻቸው። የዚያ መንደር ቀዛፊዎችም ሳቁባት፤ ሙግቱን ከሀ ጀመረች። ያም ወደብ ለባሪያ ንግድ እስኪዘጋ ፀጉሯ ሸበተ።

ባርነትን የሚሽረው ሕግ ታውጆ ከተማው ሲጨፍር፣ ደቡብ አብሯት የሄደው ቤርቶልዶ ነው። የቡና አገር ሰፊ ነው። ከእርሻ እርሻ ሲጠይቁ ከርመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ምን አገኛችሁ?» አልኳት።

«ስድብ» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች። «ያላየነው ወረዳ አለ። እግሬ ይሻለውና እንሄዳለን።»

ሄዱም።