ጄኔሬተሮቹ ዝም ያሉበት ጠዋት

ማናህሎሽ የሶላሩን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። የጁባው ኮር ዊሊያም ሰፈር አቧራ በአንድ ሌሊት ይጋገርበታል። ጨርቁን ስትጨምቀው ቀይ ውሃ በሆቴሉ ጣሪያ ላይ ተንጠባጠበ። ደክሟታል። ከእሑድ ሌሊቱ ተኩስ ወዲህ እንቅልፍ የምታገኘው ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነው።

ጠርጋ ስትጨርስ ከደረጃው ጥላ ሥር ወዳስቀመጠችው ላፕቶፕ ሄደች። ስክሪኑ ላይ የሬዲዮ ሞገዱ ሥዕል ጥርት ብሏል።

ከአጠገቧ የቆመው አንቴና የዓሣ አጥንት ይመስላል፤ አፉን ወደ ፀሐይ አዙሯል። ወታደሮች ግቢውን ሲፈትሹ የቴሌቪዥን መስሏቸው አልፈውታል፤ እሷም አላረመቻቸውም። አንቴናው የሚጠብቀው ግን ፀሐይ ስትፈነዳ የምትለቀውን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ማናህሎሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። መሣሪያውን በየአገሩ ሆነው ፀሐይን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ላኩላት፤ እሷም ክፍል በተከራየችበት በእትዬ ወርቅውሃ ሆቴል ጣሪያ ላይ ተከለችው። ከዚያ ወዲህ ስትቀዳ የኖረችው ግን የጁባን ጄኔሬተር ረብሻ ነው። ሱቁም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ብረት በያጁም በየራሱ ሞተር ይሠራል፤ እያንዳንዱ ሞተር ደግሞ ሥዕሉ ላይ የራሱን ጭረት ይጥላል። ተመራማሪዎቹ በቅርቡ የጁባው ጣቢያ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አንስተው ነበር። አልተከራከረቻቸውም። የምታሳያቸው ንጹሕ ቀረጻ አልነበራትም።

አሁን ናፍጣ የለም። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ብረት በያጁም ሸሽቷል። ሥዕሉ እንደታጠበ ጥቁር ሰሌዳ ሆኗል። በዚህ መደሰቷን ለማንም አልተናገረችም። ነገ ጠዋት ኢትዮጵያውያንን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስድ አውቶቡስ አለ፤ ስሟ ተመዝግቧል። ዛሬን ሳታቋርጥ ከቀዳች፣ ጣቢያው ሊዘጋ እንደማይገባ የምታሳየው ነገር ይኖራታል። ከዛሬ ሌላ ቀን የላትም።

"ሰላም አለይኩም፣ አስተማሪ! ፀሐይሽ እንዴት አደረች?"

ሱሩር ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ ነበረው፤ በተኩሱ ማግስት ተዘረፈና በለበሰው ሸሚዝ ብቻ መጥቶ ሆቴሉ ውስጥ ተጠለለ።

"እሷም እንደኛው ነው ያደረች፣ ጋሽ ሱሩር። ሳትተኛ።"

የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ታቅፏል። ሳፋው በሞባይል ተሞልቷል።

"የግቢው ሕዝብ እዚህ ውስጥ ነው ያለው" አለ ቁጭ እያደረገው። "አንዱም አይበራም።"

"አሥር ሰዓት ላይ ልንሰካ ነበር እኮ የተስማማነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል።"

"ትናንት አሥር ሰዓት ላይ በዚህ ሰፈር ጥይት ሲያፏጭ ነበር። ማን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቻርጅ አደረገ?"

"አውቃለሁ። ግን ገና አንዱን ስሰካ ሥዕሉ ይበላሻል። እነዚህ የኮንዮ ኮንዮ ቻርጀሮች . . ."

"የኮንዮ ኮንዮን ስም አታንሺብኝ! እኔ የሸጥኩት ሱሪ ነው።"

"እንደ ጄኔሬተር ነው የሚረብሹት ማለቴ ነው። እኛ አንሰማውም፣ ሪሲቨሩ ይሰማዋል።"

"ኳስ አያሳይ፣ ፊልም አያሳይ! ወላሂ እንደዚህ ያለ ጨቅጫቃ ሪሲቨር አይቼ አላውቅም።"

ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ እንደሳቀች እያሰበች ሳለ ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ታየ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የተንሸራተተ ቀጭን ቢጫ ጭረት ነው፤ ከመታየቱ አለቀ። ሞተር እንዲህ አይጭርም። ማናህሎሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሱሩር ጎንበስ ብሎ ከትከሻዋ በላይ ተመለከተ።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሻት?"

"አዎ።"

"ቆንጆ ናት" አለ፣ የሌላ ሰው ሕፃን ፎቶ እንዳሳዩት ሰው በትሕትና። ወደ እሷ ዞሮም፣ "ሌላ የሚያያት የለም? አንቺ ብቻ ነሽ?"

"ቀን በሆነበት አገር ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ያዩዋታል። ፀሐይ ለጁባ ብቻ አትፈነዳም። ግን ጁባም ማየት እንደምትችል ነው ማሳየት የፈለግኩት። አንዴ ከጀመረች ደግሞ ትደጋግማለች፤ ቀኑን ሙሉ ልትቀጥል ትችላለች።"

ሱሩር ሳፋው ውስጥ እጁን ሰዶ አንድ አሮጌ ስልክ አወጣ። ክዳኑ እንዳይከፈት በላስቲክ ታስሯል።

"ይቺን ብቻስ?"

"የማን ናት?"

"የወርቅውሃ።"

ማናህሎሽ ዓይኗን ከሥዕሉ አነሳች። የወርቅውሃ ባል ገብረመድኅን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ተኩሱ ሳይጀምር ቢራ ጭኖ ወደ ቦር ከተማ ሄደ። ቦርም ተራዋ ደርሶ ውጊያ ከገባባት ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

"እሷ ላከችህ?"

"እሷማ መቼ ትልካለች! ከባንኮኒው ላይ አንስቼ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ከቦር ወንዙን በጀልባ የተሻገሩ ሹፌሮች አሉ። አንዱ የሰው ስልክ ለምኖ ቤቱ ደውሏል። አንዴ ብቻ። ሁለተኛ ማን ይሰጠዋል? ገብረመድኅንም እንዲሁ አንዴ ደውሎ ዝግ ቢሆንበትስ?"

"ሲም ካርዷን ሌላ ስልክ ላይ ብናደርገውስ?"

"የቱ ላይ?" ሳፋውን ነቀነቀው። ስልኮቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። የራሷም ስልክ እዚያው ውስጥ ነበር፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ምንም አይሰካ የሚለውን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። "የሷ ደግሞ ባትሪው አብጧል። ከቻርጀር ከነቀልሽው ወዲያው ይጠፋል።"

ያን ጊዜ ወርቅውሃ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። እንግዳ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አንሶላ ማጠቡን ግን አልተወችም።

"አንተ ሱሩር! ስልኬን ባጣው ሌባ ገባ ብዬ ደነገጥኩ እኮ!"

"ሌባው ኮንዮ ኮንዮ ነው፣ የኔን ሱሪዎች እየለካ።"

ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። የተሰካ ነገር አለመኖሩን አየች።

"ማናዬ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ። አሥር ሰዓት ድረስ ምን አለው?"

"እትዬ ወርቅውሃ፣ ነገ እውነት አብረሽን አትሄጂም?"

"እኔ ከሄድኩ ሲመጣ ማን በር ይከፍትለታል?"

አንሶላዋን መስቀል ጀመረች። ይህቺ ሴት በደኅናው ጊዜ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ጄኔሬተሯን ታጠፋላት ነበር። ቢራው ይሞቃል፣ ደንበኛ ይነጫነጫል፤ እሷ "ፀሐይዋ ቀጠሮ አላት፣ ታገሱ" ትላቸዋለች። ምን እንደሚቀዳ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ሥዕሉ ላይ ሁለተኛው ጭረት መጣ። ተከትሎት ሦስተኛው፣ ከሁሉም የደመቀ። ማናህሎሽ አየችው፤ ዓይኗ ግን ወደ ወርቅውሃ ተመለሰ። ወርቅውሃ የአንሶላውን አንድ ጫፍ በመቆንጠጫ ገመዱ ላይ ቆንጥጣ፣ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ቆማለች። አንገቷን ወደ ሳፋው ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ስልኩ ባትሪ እንደጨረሰ ታውቃለች፤ እያወቀች ታዳምጣለች። ከዚያ እንደባነነ ሰው ጫፉን ቆነጠጠችና ቀጣዩን አንሶላ አነሳች።

ማናህሎሽ እጇን ዘረጋች።

"ስጠኝ፣ ጋሽ ሱሩር።"

ቻርጀሩን ሰካችው። በሥዕሉ ላይ ዳር እስከ ዳር አግድም መስመሮች ተነጠፉ፤ ቢጫዎቹን ጭረቶች ተከትሎ ሊመጣ የነበረው ሁሉ ከሥራቸው ተቀበረ።

"ተበላሸ?" አለ ሱሩር ዝግ ብሎ።

"ተበላሸ።"

እስከዚያች ደቂቃ የተቀዳውን አስቀመጠችና ሪሲቨሩን አጠፋችው።

"ምነው፣ ይሥራ እንጂ! ምናልባት በመሃል . . ."

"ያለን ባትሪ ለሁሉም አይበቃም። ስልኮቹ ይጠቀሙበት። ሌላውንም አምጣ፣ ተራ በተራ እንሰካለን።"

ስልኩ ተንቀጥቅጦ በራ። ወርቅውሃ እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጥላ ቀረበች።

"ኔትወርክ አለ?"

"አለ። አንድ መስመር ብቻ ነው።"

"አንድ ይበቃል" አለችና ከስልኩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ስልኩ አልጮኸም። ማናህሎሽ ተነስታ የአንቴናውን ገመድ ከሪሲቨሩ ላይ ፈታችው። በመዳፏና በክርኗ መካከል እየጠቀለለች፣ እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቀች እስከ ጫፉ ሰበሰበችው። በክር አሰረችውና የሰው እግር በማይደርስበት በግድግዳው ሥር አኖረችው።