ሁሉም ቀይ ያበሩበት ድልድይ

ዳርላ ቦስትሮም ሃያ ዓመት በጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ስትነዳ ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ተመርጣ በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ምክር ቤት ገባች። በምርጫው ጊዜ ስለ ግብርም ስለ መንገድም ብዙ አውርታለች፤ ከልቧ ቃል የገባችው ግን አንድ ነገር ነው። የከተማዋ ድልድይ በከርቲስ ስም ይጠራል። ከርቲስ ረዳቷ ነበር፣ አፉ ከቀልድ የማያርፍ ልጅ። ኢራቅ አብረው ሄደው እሷ ብቻ ተመለሰች።

የስያሜው ረቂቅ ሕግ በቀረበ ዕለት የከርቲስ እናት ወይዘሮ ላቮን የእሑድ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሰገነቱ ላይ ከተመልካቾች ጋር ተቀመጡ።

ዌንዴል የሚባሉት አንጋፋ ተወካይ ኮስተር ብለው ተነሡ። «ላሞች ድልድዩን ሲሻገሩ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ ወይ?»

«ላሞቹን ምረናቸዋል» አለች ዳርላ። «ተወካዮች ግን አይቀርላቸውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳርላም ነገሩ ያለቀላት መስሏት፣ የራሷን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ቀና ብላ የድምፅ ሰሌዳውን አየች። ቀይ። ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ሁሉም ተቃውሞ!

ክው አለች። ወይዘሮ ላቮን ቦርሳቸውን አንሥተው እየወጡ ነው።

«ኧረ ሳጅን፣ አትደንግጪ!» አሉ ዌንዴል ጠጋ ብለው። «የአዲስ ሰው የመጀመሪያ ረቂቅ ሁሌም እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀይ እናበራና ኋላ ወደ አረንጓዴ እንገለብጠዋለን። እኔንም አስለቅሰውኛል።»

«እናትየው ይህን በምን ያውቃሉ!» ብላ ተፈተለከች።

ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። «ቀልድ ነው፣ ወይዘሮ ላቮን! በአዲስ ሰው እንዲህ ይቀልዳሉ አሉ። እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«ቀልድ?» አሮጊቷ እንባቸውን በጓንታቸው ጠረጉ። ትንሽ አሰቡ። «በይ እስቲ ውሰጂኝ።»

ሲመለሱ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከዳርላ ስም ጎን ብቻ መብራት የለም። እንግዳ ወደ ተወካዮች ወንበር አይገባም። አፈ ጉባኤው ግን ድንገት ጣሪያው አሳሰባቸውና ሲመረምሩት፣ ሁለቱ ሴቶች አለፉ።

«የልጅዎ ድልድይ ነው፤ እርስዎ ይጫኑት» አለች ዳርላ።

ወይዘሮ ላቮን ጣታቸውን ዘርግተው ቀዩን ተጫኑ።

ዌንዴል አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮዋ ዞር ብለው። «ቀልድ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ? ልጄ በማን የወጣ መሰላችሁ?»

ከዚያ አረንጓዴውን ተጫኑ። መብራቱ ከበራ በኋላም ጣታቸውን አላነሡም፤ ዳርላም አላስቸኮለቻቸውም።