ከቻኩ ጀርባ

«እጁ ከድቶት ነበር አሉ እኮ» አለች ጎረቤትየዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «መጨረሻ ላይ ያበጀው ብረት እንኳ ሲሽከረከር ይወላገድ ነበር አሉ። ዓይኑም ደክሞ ነበር፣ ምስኪን።»

የሟች ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ «አይዞሽ» ሲሏት አንገቷን ደፍታ ሰምታለች። ይሄን ግን ልትውጠው አልቻለችም። አርባ ዓመት ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሞ ከፀጉር የቀጠነች ስህተት እያደነ የኖረ ሰው፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ እጁ ከዳው ይባል?

«ማን ነው እንደዚህ ያለው?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፣ ሰው ሲያወራ ሰማሁ እንጂ።»

ሰው። መቼም ይሄ ሰው የሚሉት የማያወራው ነገር የለም። እሷ ግን ማን እንደሆነ ያወቀች መሰላት። በረንዳው ላይ፣ አግዳሚው ጫፍ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው በያጅ ነው፤ ከእሷና ከአባቷ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ጣሪያ ሥር ሃያ ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረ። ደሟ ፈልቶ ፊቱ ሄዳ ተገተረች።

«ጋሼ፣ የአባቴን ስም የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት? እጁ ከዳው እያሉ?»

በያጁ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ያልሽው አንቺ ነሽ ልጄ። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ፣ በጩኸት።»

እውነቱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ነው አዲሱ ቻክ የመጣው፤ ብረቱን በአራት መንጋጋው ነክሶ የሚያሽከረክረው። ቻክ ደግሞ እንዲሁ ማሽን ላይ አይሰካም። ከጀርባው ፕሌት የሚሉት ክብ ብረት ይታሰርለታል፤ ፕሌቱም እዚያው ማሽን፣ የሚሽከረከረው አንገቱ ላይ ተጠምዝዞ፣ እዚያው ተቀርጾ ልኩ መውጣት አለበት። እሷ ከሌላ ማሽን የወለቀ ፕሌት አለ፣ በእሱ እንገላገል ብላ ነበር። አባቷ ሳቀባት። «አለቃ» ነበር የሚላት፣ ሲያሾፍባት። «አለቃ፣ የሰው ጫማ አድርገሽ ሠርግ ትሄጃለሽ?»

ሁለት ቀን ጎንበስ ብሎ ቀረጸው። ፕሌቱን ከቻኩ ጋር በቡሎን አስራ መልሳ ማሽኑ አንገት ላይ የጠመዘዘችው ግን እሷ ናት። ባለ ቀስት መለኪያውን አስጠግታ ቻኩን ስታዞረው ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ቻኩ ይወላገዳል ማለት ነው። ሥራው ዘግይቷል፣ ደንበኞቹ ያጉረመርማሉ። ንዴቷን ሁሉ አባቷ ላይ አራገፈችው።

«አበላሸኸው። ዓይንህም ሄዷል፣ እጅህም ከድቶሃል። ምናለ ለእኔ ብትተወው?»

አባቷ አልተቆጣም። «አንገቱን ጠርገሽዋል?» አለ ብቻ።

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ፍቺውና እዪ፣ አለቃ።»

አልፈታችም። እሱም ቱታውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ እሷም ኩራቷ ይዟት ደህና ነህ ወይ አላለችውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልቡ ቆመ።

«የወርክሾፑን ቁልፍ ይዘዋል?» አለችው በያጁን።

«ዛሬ? ቤቱ በሰው ተሞልቶ?»

«አሁን።»

ወርክሾፑ ውስጥ ቻኩ እንደዚያን ቀኑ ማሽኑ ላይ ነው። ቱታውም ሚስማሩ ላይ። ዓይኗን ከቱታው አሸሸች። ቻኩ ሲለቅ ወድቆ ማሽኑን እንዳይጎዳው፣ አባቷ እንዳስተማራት ከሥሩ ሣንቃ ዘረጋች። ከዚያ በመንጋጋዎቹ መሀል ጠንካራ እንጨት ሻጥ አድርጋ ገፋች። አልነቃነቅ አለ። በያጁ ሊያግዛት ሲጠጋ «ይተዉኝ» አለችው። በንዴት ነበር የምትገፋው። ለምን ዝም ብሎ ሄደ? ለምን እጇን ይዞ አላስፈታትም? ሞት ምን አስቸኮለው? ቻኩ ለቀቀ።

ማሽኑ አንገት ላይ፣ ፕሌቱ በሚያርፍበት ጠርዝ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የብረት ፍርፋሪ ተጨፍልቃ ተለጥፋለች። ያን ቀን ቸኩላ በአፏ እፍ ብላ አለፈችው እንጂ አልጠረገችውም። አባቷ ግን መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ በመጨረሻ በጣቱ ነበር የሚጠርገው።

«አዩት?» አለች። «እሱ አላበላሸም። እኔ ነኝ።»

በያጁ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ ወደ ፍርፋሪዋ ጎንበስ አለ።

በብሩሽ ጠረገች፣ በጨርቅ ጠረገች፣ ጣቷን ዙሪያውን አስኬደች። ቻኩን መልሳ ጠመዘዘች። መለኪያውን ወገቡ ላይ አስጠግታ ቀስ ብላ በእጇ አዞረችው። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሄጄ ለለቀስተኞቹ ልንገራቸው?» አለ በያጁ።

«አይ። ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ ከእኔ አፍ ይስሙት። ያኔ ሰው ፊት ጮኼ ነበር፤ አሁንም ሰው ፊት ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። አባቷ ቁጥር ማንበብ ካስቸገረው ወዲህ፣ ሳይጠይቃት የመለኪያውን ፊት ወደ እሱ ታዞርለት ነበር። አሁንም ይቆምበት ወደነበረው ወደ ማሽኑ ራስጌ አዞረችው። ከዚያ የመለኪያውን መስታወት በጥቁር ሻርፗ ጫፍ ጠረገችለት።