ባትሪ የሌለው ጓንት

ሰዓት ጠጋኙ ጓንቱን እንዳጠለቀ ውሃውን ከጆግ ወደ ብርጭቆ ቀዳ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"እህስ አባዬ?" አለች ልጁ፣ በስልኳ እየቀረጸች።

"እጄ ድንጋይ ሆኗል። አንቺ ልጅ ሐኪሞቹን ሥራ ልታስፈቻቸው ነው።"

ልጅቱ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ነገር ፈትቶ መግጠሙን ከአባቷ ስለወረሰች ቤቱ በእጇ ሥራ ተጨናንቋል። የእናቷን የልብ ምት እየተከተለች ብልጭ ድርግም የምትል አምፖል አለች። የክኒን ሰዓት ሲደርስ በእናቷ ድምፅ የሚቆጣ ሣጥንም አለ፤ እናትየዋ ሥራ ብትውልም ቁጣዋ ከቤት አይጠፋም። ጓንቱ ግን የመመረቂያ ሥራዋ ነው። አባቷ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ልቧ አላርፍ ብሏት፣ ከአሮጌ ሹራብ ሰፍታ፣ መንቀጥቀጡን መልሰው የሚገፉ ትንንሽ ሞተሮች ገጥማበት የሠራችው ነው። ነገ መምህራኖቿ ፊት ታቀርበዋለች። ሙከራው ሁሉ አምሮላታል፤ አባቷ አንድም ቀን አላፈሰሰም።

ስልኳን ልትሰካ ወደ መስኮቱ ዞር ስትል ክው አለች። የጓንቱ ባትሪ እዚያው ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነው።

ዞራ አባቷን በደንብ አየችው። ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"አባዬ፣ ባትሪው የለበትም እኮ።"

ሰውየው ጓንቱን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን።

"ሁልጊዜ እንዲህ ጨክነህ ነበር የምትይዘው?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ያን ሁሉ ለፍተሽ፣ በኔ እጅ ልትወድቂ?"

ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ሣጥኑ ቀደማት። "አንተ ሰውዬ፣ ክኒንህን ዋጥ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ የእሷ ሳቅ ግን መሀል ላይ እንባ ሆነ። እንደ እሱ የሚወዳት የለም፤ እንደ እሱም ጉድ የሠራት የለም።

"ነገ ምን ልትያቸው ነው?" አለ፣ ክኒኑን እንደዋጠ።

"እስካሁን የሞከርኩት ጓንቱን ሳይሆን የአባቴን ጥርስ ነው እላቸዋለሁ።"

"ምርቃትሽ ቢቀርስ?"

"ለሌላ ዓመት ይደርሳል" አለች። 

ባትሪውን አምጥታ ጓንቱ ላይ ገጠመችው። ሞተሮቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

"አሁን ክርንህን አላቅቅ። እጅህን ዝም ብለህ ልቀቀው።"

"አንቺ ፊት?"

"እኔ ፊት።"

እጁ ሲንቀጠቀጥ አሳይቷት አያውቅም። ሲብስበት ኪሱ ይከተዋል፤ አለዚያም አንድ ነገር የረሳ መስሎ ከክፍሉ ይወጣል። አሁን እሷን ሳያይ ጆጉን አነሳ። ግማሹ ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ገባ፤ ግማሹ ጠረጴዛውን አልፎ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"ውይ ልጄ" ብሎ ፎጣ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው። ጓንቱ ውስጥ እጁ እንደተያዘች ወፍ ይርገበገባል። እስኪረጋጋ አልጠበቀችም፤ እንዲያው እንዳለ ያዘችው።

"ተወው አባዬ፣ ይፍሰስ" አለችና ጆጉን እንደገና ልትሞላው ተነሳች።