የፍሬን መብራት በሴቻ ቁልቁለት

ከላይኛው የከተማችን ክፍል ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ የሚወርደውን ቁልቁለት ስጀምር ከመሪው ፊት ያለው የፍሬኑ ቀይ ማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ጠፋ። ከኋላ የተቀመጡት አማቴ እማማ አገርነሽ አላዩትም። ለዓይናቸው ሕክምና ከካምባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። አሁን ሲመለሱ በልጃቸው መኪና፣ እኔው እየነዳሁ እንዳደርሳቸው ጠይቀውኛል።

ባለቤቴ ዕዝራ ካረፈ ወዲህ ስሙን በፊታቸው አንስቼ አላውቅም። ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም ነበር። እሳቸው ዝምታዬን እንደ መርሳት ቆጥረውብኛል። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ደስ አለኝ ባልልም ቅር አላለኝም። መኪናዋ ከተበላሸች በሕዝብ መኪና ይሄዳሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ከመሆን እተርፋለሁ።

ሲቀላ ካለ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ዳልጮ ዕዝራን ያውቀው ነበር። እማማን ሲያይ እጁን ጠርጎ በጋሞኛ አጽናናቸው፤ በርጩማ አምጥቶም አስቀመጣቸው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን አየ፤ በደንብ ወርዷል። ኮፈኑን ሲከፍት የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ነው መብራቱ የሚበራው አለኝ። መጨመር ቀላል ነው፤ ግን ለምን እንደጎደለ ሳያይ አይጨምርም። ጎማውን እየጨበጠ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ተበልቶ አልቆ እንደሆነ ለማየት ጎማውን መፍታት ጀመረ።

ዳልጮ አማርኛ ሲናገር ለሰውም ለመኪናም «እሱ» ነው የሚለው። ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

«መምህር፣ መጨረሻ ላይ ይጮህ ነበር እሱ?» አለኝ ከጎማው ሥር።

«አልጮኸም» አልኩ። «‹እማዬ በዚያኛው ክፍል ተኝታለች፣ እንዳትሰማኝ› እያለ እጄን ነበር የሚጨብጠው።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። የጠየቀው ስለ ፍሬኑ ነበርና ዳልጮ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሊያርመኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እማማን አየና ተወው።

«የትኛውን እጅሽን?» አሉኝ እማማ።

ቀኜን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ። ለእሳቸው ነገሩ አዲስ ነበር። ልጃቸው ያን ሌሊት ለምን እንዳልጠራቸው እስከዛሬ ሲጠይቁ የኖሩት ራሳቸውን ነበር።

ሸራው አልቆ ኖሯል። ዳልጮ አዲስ አስገባ፣ ዘይቱን ሞላ፣ ቁልቁለቱን ራሱ ወጥቶ ወርዶ ሞከራት። መብራቱ አልበራም። ካምባ ድረስ አታስቸግርም ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

እማማ ወደ ኋላ ወንበር አልተመለሱም፤ የፊቱን በር ከፍተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ከበሽታው በፊት ያለውን ጀምሪልኝ» አሉ።

ከጫሞ ሐይቅ ጀመርኩ። ከሰሜን እንደመጣሁ አሣ መብላት አላውቅም ነበር፤ ዕዝራ እንዳያንቀኝ እየፈራ አጥንቱን በጣቱ እየለቀመ ነበር የሚያጎርሰኝ።

እማማ ፈገግ አሉ። «እሱንም ያጎረስኩት እንደዚያ ነው» አሉ።