እምቢ ብላለች

እኔ መሰረት፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተሰጠኝም፤ ያን ቀን ግን ብዙ ቻልኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2021 ሰመር ነው። ከምሠራበት መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ ኦፍ በምሆንበት ቀን፣ የፖሊስንና የሕዝብን ነገር እናጠናለን ብለው ከሌላ ስቴት ለመጡ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስተረጉም ነበር። ከእነሱ አንዷ ዶክተር ኬለን ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉምና መልሱን ታብሌት ላይ እሞላለሁ።

ያን ቀን ሊንደን በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ፀሐይወርቅ ቤት ገባን። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ጀሶ ውስጥ ነው።

«ሞርስ ሮድ ላይ ፖሊስ ፑል ኦቨር አደረገኝ፣ ዳር አስያዘኝ» አሉ። «የኋላ መብራቴ ተቃጥሎ ኖሯል። መኪናዬን አቆምኩና ወረድኩ።»

«ለምን ወረዱ?» አለች ዶክተሯ በእኔ በኩል።

«እንዴ! መንግሥት ቆሞ እኔ ቁጭ ብዬ ላናግረው? ነውር አይደለም? ሻርፔን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ ጤና ይስጥልኝ ልለው ስል ጮኸብኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም፣ ልስማው ብዬ ቀረብ አልኩ። ከዚያማ አስፋልቱ ላይ ደፋኝ። እጄ ቀጭ ሲል ሰማሁት።»

እናቴም ብትሆን ትወርድ ነበር። እዚህ አገር ፖሊስ ሲያስቆም እጅን መሪው ላይ አድርጎ ቁጭ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ቁጭ ብሎ ባለሥልጣን ማናገር ንቀት ነው። ይሄን ማን ነገራቸው?

አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ዶክተር ኬለን አዘነች፤ እንባዋ ሁሉ መጣ፣ አልዋሽም። ከዚያ ታብሌቱን አየችና «‹ትዕዛዝ እምቢ ብላለች› የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ» አለችኝ።

«እምቢ አላሉም፤ አክብረውት ነው የወረዱት።»

«ይገባኛል፤ ግን ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል የለም። ከመኪና ከወረደች የምትገባው እዚያ ነው። ካልሆነ ኢንተርቪውን እንሰርዘዋለን።»

ወይ ጉድ! ወይ ጥፋተኛ ይሁኑ፣ ወይ ጭራሽ ያልነበረ ይባል? ንድድ አልኩ።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ። ነገርኳቸው።

«እምቢ ብላለች? እኔ?» የንዴት ሳቅ ሳቁ። «እንግዲያው እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ አሁን ትየው። አልሰረዝም! በይ ጻፊ፤ ‹አክብሬው ወረድኩ፣ እጄን ሰበረው።› በአማርኛ ጻፊው፣ አስተርጓሚ ይፈልጉለት።»

ከታች ለማስታወሻ የተተወ ባዶ ቦታ ነበር። ምልክቱን ዘልዬ እዚያ ላይ ጻፍኩ።

«እንዲህ አድርገሽ ከላክሽው ነገ ከእኛ ጋር አትሠሪም» አለች ዶክተሯ።

«ዌርሃውሱ አለልኝ» አልኳት።

«ስሜስ አለበት?» አሉ እትዬ።

«ስም አይጻፍም እትዬ። ለርስዎ ደኅንነት ተብሎ ነው፤ ሃያ ሦስት ቁጥር ነዎት።»

«ቁጥር ነው እንዴ እጁ የተሰበረው? ፀሐይወርቅ ሳህሌ ብለሽ ጻፊ። የሰበረኝም ያንብበው፣ አለቃውም ያንብበው። ደብቁኝ አላልኩም!»

ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«መላኪያው የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው። ዶክተር ኬለን ታብሌቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። እትዬ ፀሐይወርቅ በግራ ጣታቸው ቀድመዋት መላኪያውን ተጫኑት።